የጎረቤት አልጋ ኮምጣጤ

ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

ስጎዬ ዛሬ ተከለከለ።

የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ገና ልጅ ናት። ወንበሯን ወደ ባሌ ጠጋ አድርጋ፣ "ምግብዎን በምን ነው የሚያጣፍጡት?" ብላ ጠየቀችው። እሱ ደግሞ አፉን ሞልቶ "በባለቤቴ ስጎ" አለ። ከዚያ ወዲያ መልስ ሰጪዋ እኔ ሆንኩ። የቲማቲም ድልህ? አይሆንም፣ ፖታሲየም አለበት። የሾርባ ኪዩብ? ጨው ነው። የአኩሪ አተር ሶስ? እሱማ ከጨውም የባሰ ጨው ነው። ካቻፕ? በጠርሙስ የሚሸጠው የቃሪያ ሶስ? እሷ ራሷን በነቀነቀች ቁጥር ከወጥ ቤቴ መደርደሪያ ላይ አንድ ዕቃ የሚወርድ መሰለኝ።

"ታዲያ ምን ቀረን?" አልኳት።

"ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ ድንብላል። ሰናፍጭም በጣም በትንሹ። የታሸገ ነገር ሲገዙ ግን ከመጠቀምዎ በፊት ያሳዩኝ።"

ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ወዲህ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ደሙ በማሽን ይታጠባል። በመሀል የሚበላው ነገር መውጫ የለውም። ጨው ያሳብጠዋል፣ ፖታሲየም ሲበዛ ደግሞ ልብ ያቆማል አለች ልጅቷ፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ረጋ ብላ።

እኔ ፓስታ ቤት ውስጥ ዋና ምግብ አብሳይ ነኝ። ሰው የሚመጣው ለስጎዬ ነው። ባሌም የመጣው ለስጎዬ ነው፤ ያኔ መኪና መንዳት የሚያስተምራቸውን ተማሪዎቹን ይዞ እየመጣ ምሳ ይበላ ነበር፣ አንድ ቀን ወጥ ቤት ድረስ ገብቶ "ይህን የሠራችውን እጅ ልይ" አለ። ለሰው ሁሉ "ያገባኋት በስጎዋ ነው" እያለ ነው የሚያወራው። አሁን ምን ሊል ነው? በሎሚዋ?

ጥቅምት 10፣ ቅዳሜ

ከእጥበት ሲመለስ እንደተጨመቀ ጨርቅ ሆኖ ነበር የሚገባው። ዛሬ እየሳቀ ገባ።

"ምን ተገኘ?" አልኩት።

"ጎረቤቴ ናት ያሳቀችኝ።"

ታችኛው ፎቅ ያሉት አሮጊት መስለውኝ "ደግሞ እሳቸው መሳቅ ጀመሩ?" አልኩ።

"የአልጋ ጎረቤቴን ነው የምልሽ። ልብስ ሰፊ ናት። እጥበት ከእኔ በፊት ነው የጀመረችው፣ ሁሉን ነገር ታውቀዋለች።"

ሁሉን ነገር ታውቀዋለች። ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ እሳት ላይ ትጠብስና ልጣጩን ገፍፋ በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጤ ትፈጨዋለች አሉ። ጨው የለው፣ ቲማቲም የለው። "ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትቀምሺው ስጎ ነው የሚመስልሽ" አለኝ። ይህን ለእኔ! ሩዙን አቅርቤለት ወጥ ቤት ገባሁና ንጹሑን ድስት እንደገና አጠብኩት።

ጥቅምት 13፣ ማክሰኞ

ጠርሙስ ላከችልኝ። ለእኔ አይደለም፣ ለእሱ ነው። በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጨርቁን ደግሞ ዳር ዳሩን በክር ዘምዝማ። ለጠርሙስ ቀሚስ የሚሰፋ ሰው አይቼ አላውቅም።

በዓሣ በላው። ሳህኑን በዳቦ ጠረገው። ገላውን ሊታጠብ ሲገባ በማንኪያ ጫፍ ቀመስኩት።

ክፉ አይደለም። ኮምጣጤው ትንሽ ይቀድማል፣ በኋላ ግን የተጠበሰው ቃሪያ ይመጣል። እኔ ብሠራው ነጭ ሽንኩርቱን አስቀድሜ አበስለው ነበር። ክፉ አይደለም ብያለሁ፣ በቃ።

ጥቅምት 15፣ ሐሙስ

ዕቃ ሳጥብ ጠርሙሱ አመለጠኝና ተሰበረ። እጄ ሳሙና ነበረው። ያጋጥማል።

ጥቅምት 18፣ እሑድ

እትዬ መጡ። የባሌ ታላቅ እህት ናቸው። እኔ ሥራ ስለምውል ማክሰኞና ሐሙስ ሆስፒታል የሚወስዱት እሳቸው ናቸው፤ በዚህ ውለታቸው እኔን የመቆጣት መብት ገዝተዋል። እግራቸውን ከማሳረፋቸው፣ "ወንድሜ ፊቱ መለስ አለ። ያቺ ልብስ ሰፊ ትባረክ" አሉ።

እኔ ቆሜያለሁ። ዳቦውን የጋገርኩት እኔ፣ ዓሣውን ያለ ጨው በሎሚና በጦስኝ ያበሰልኩት እኔ፣ ውኃውን በሲኒ እየለካሁ የማጠጣው እኔ። የምትባረከው እሷ!

"ምን የመሰለች ረጋ ያለች ሴት መሰለችሽ" አሉ ደግሞ። ምላሳቸውም ለእሷ ሲሆን ይሽቀዳደማል። "ትናንት ሁለተኛ ጠርሙስ ሰጥታው ነበር፣ የታለ?"

"አመለጠኝና ተሰበረ።"

"ሁለተኛውም?"

ባሌ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ቆሽቴ አረረ፣ ግን ሻይ ቀዳሁላቸው።

ጥቅምት 24፣ ቅዳሜ

ፈቃድ ጠይቄ አብሬው ሄድኩ። ልየው ብዬ ነው። ልያት ብዬ ነው።

ረጅም ክፍል ነው። አልጋዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል፣ በየአልጋው ራስጌ ማሽን አለ፣ በቀጭኑ ቱቦ ደም ይሄዳል፣ ደም ይመለሳል። ባሌ መስኮቱ ሥር ነው። እሷ ከጎኑ። በእኔ ዕድሜ ናት። ቆንጆ ናት ብዬ አልጽፍም። ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠምጥማ፣ በነፃ እጇ የአንድ ሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነበር፣ በአንድ እጅ! ሲስተሯ እንኳ ቆማ ታያታለች።

"እርስዎ ነዎት ባለ ስጎዋ?" አለችኝ። "ዝናዎን ሰምቻለሁ።"

"እኔም የእርስዎን" አልኩ።

ከዚያ እነሱ ማውራት ጀመሩ። ስንት ኪሎ ውኃ ጨምረህ መጣህ ትለዋለች። አፍሽ ሲደርቅብሽ ምን ታደርጊያለሽ ይላታል፣ ሎሚ አቀዘቅዝና እመጥጠዋለሁ ትለዋለች። ማሽኑ ሲጮህ ሁለቱም እኩል ቀና ብለው ያያሉ፣ ሁለቱም እኩል "የእኔ አይደለም" ይላሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ። እኔ የማላውቀው አገር ሰዎች ናቸው። ለእንግዳ የሚቀርብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቦርሳዬን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

ውኃ ጠማኝ። እነሱ ፊት መጠጣት ነውር ስለመሰለኝ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ሁለት አስታማሚዎች ቆመው ያወራሉ።

"መስኮቱ ሥር ያሉት ባልና ሚስት አይደሉም እንዴ?"

"ኧረ አይደሉም። ሚስቱማ ያቺ ቦርሳ የታቀፈችው ናት።"

"እኔስ ባልና ሚስት መስለውኝ።"

ውኃውን አልጠጣሁትም።

ጥቅምት 27፣ ማክሰኞ

ሥራ ላይ ድልህ አሳረርኩ። እኔ! የፓስታ ቤቱ ባለቤት ገብቶ አሸተተና ምንም ሳይል ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 30፣ ዓርብ

የራሴን ሠራሁ። ያንኑ ቃሪያ ጠብሼ፣ ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት አለሳልሼ፣ በሶብላ ጨምሬ። እጄ በልማድ ወደ ጨው ዕቃው ሄዶ ባዶ ቦታ ነካ፤ ጨው ከቤት ካወጣሁ ቆየሁ። ቀመስኩት። ልብሱ ያለ ግን ሰው የሌለበት ዓይነት ጣዕም ነው፣ ሁሉም አለ፣ የሚያነሳው የለም።

"ጎበዝ" አለኝ ባሌ። "ጥሩ ነው።"

ይህችን "ጎበዝ" አውቃታለሁ። ተማሪው መኪናውን ከእግረኛ መንገድ ላይ ሲሰቅልበት የሚላት ናት፤ ጎበዝ፣ አሁን ትንሽ ወደ ግራ። ለማንም ክፉ ተናግሮ አያውቅም። ስንጋባ ደስ ካሰኘኝ ጠባዩ አንዱ ይህ ነበር።

ኅዳር 2፣ እሑድ

አገኘሁት!

ሱፐርማርኬቱ ውስጥ፣ ከጨዎቹ አጠገብ። "ሶዲየሙ የተቀነሰ ጨው" ይላል፣ "ለልብዎ ጤና" ይላል፣ ፊቱ ላይ ቀይ ልብ ተሥሎበታል። ጨው ሆኖ ጨው ያልሆነ። እስከዛሬ የት ነበርክ? ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ብዙ ነገር ተጽፏል፣ መነጽሬን አላደረግኩም ነበር። የምግብ ባለሙያዋን እንዳልጠይቃት የምትገኘው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው፣ በእነዚያ ቀናት የሚሄዱት ደግሞ እትዬ ናቸው። ወሬው በእትዬ አፍ ለልብስ ሰፊዋ እንዲደርስ ነው? ደግሞስ ክፉው ሶዲየሙ አይደል? እሱ ተቀንሷል።

ማታ ስጎውን እንደገና ሠራሁ። ተነሳ! በሳህኑ ፊት ለፊት ተቀመጥኩና ሲጎርስ አየሁት። አንዴ ጎረሰ፣ ቆም አለ፣ ቀና ብሎ አየኝ።

"እንዴት ነው?"

"ጣት ያስቆረጥማል" አለ።

"የጎረቤትህ ይበልጣል?"

"እሜቴ፣ አንቺን ማን ያክልሻል።"

እንቅልፍ እስኪወስደኝ ፈገግ እንዳልኩ ነበር።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

በፓስታ። ጨረሰ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

በዶሮ፣ በሩዝ፣ በእንቁላል ነጭ። ሁሉንም ይጨርሳል። እኔ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ጠርሙስ መምጣቱ ቀርቷል፤ "ባለቤቴ ትሠራልኛለች" ብሏታል። ይህን ሲነግረኝ ማንኪያውን ሰጥቼው ትንሽ ጨመርኩለት።

በነገራችን ላይ ትልቅ ትልቁን ይጎርሳል፣ ቶሎ ቶሎ። የራበው ሰው እንደዚያ ነው።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

አንድ ማሰሮ ሞልቼ ለልብስ ሰፊዋ ላክሁላት። ጨርቅ አልጠቀለልኩለትም፣ ክዳኑ ይበቃዋል። ባሌ በር ላይ ቆሞ "ለእሷ ደግሞ ምን ያደርግላታል?" አለ።

"ትቅመሰው። እሷ አላቀመሰችንም?"

"ተዪው ይቅር፣ እሜቴ።"

ሊደብቀኝ የፈለገው ነገር እንዳለ አየሁ። ከእኔ እጅ እንድትቀበል ያልፈለገው ለምንድን ነው? ጥርጣሬ ገባኝ። ማሰሮውን በግድ አስያዝኩት።

ጠዋት ጫማውን ሲያጠልቅ እግሬ ከበደኝ ብሎ ግድግዳ ያዘ። የእጥበት ቀን ሁሌም ይከብደዋል።

ኅዳር 17፣ ሰኞ

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። መነሳት አቃተው። እግሩ አልታዘዝ አለው፣ ከንፈሬን ጉንዳን ወረረኝ ይላል። ታክሲ። ድንገተኛ ክፍል። ደረቱ ላይ ሽቦ ለጥፈው ወረቀቱ ሲወጣ ሐኪሙ መሮጥ ጀመረ። ሐኪም ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

"ፖታሲየሙ ሰማይ ነክቷል። ምን በላ?"

ምንም።

"ሙዝ? ቲማቲም? ድንች?"

ምንም። የተፈቀደውን ብቻ። ጨው እንኳ ቤቴ የለም አልኩት።

መርፌ ሰጡት፣ በጥድፊያ ወደ ማሽን ወሰዱት። በመስታወቱ አየዋለሁ። ጌታዬ። እባክህ።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

እትዬ ስልካቸውን እንደያዙ መጡ። ልብስ ሰፊዋ ደውላላቸዋለች። ማሰሮዬን እሑድ ማታ ከፍታ በምላሷ ጫፍ ነክታ ተፋችው። ለባሌ ትናንት ብትደውል፣ ብትደውል የሚያነሳ የለም።

"ምን ጨው ነው ያደረግሽበት?" አሉኝ እትዬ።

"ጨው አይደለም። ሶዲየሙ የተቀነሰ..."

"ሶዲየሙን ቀንሰው በምን ተኩት? ጠይቀሻል? በፖታሲየም ነው! ምላስ ሥር የሚመርረው እሱ ነው አለችኝ። ወንድሜን ልትገይው ነበር፣ አንቺ ሴት! በገዛ እጅሽ!"

ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ሲስተሯ እሳቸውን ይዛ ስትወስዳቸው እኔ ግድግዳውን ይዤ ቀረሁ። ከዚያ ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ የጨዉን ስም ነገርኩት። "ጥሩ፣ አሁን ምክንያቱን አወቅን" አለ፣ ሊቆጣኝም ጊዜ አልነበረውም።

ቤት ገብቼ መነጽሬን አድርጌ ጀርባውን አነበብኩት። በደቃቁ ጽሑፍ፣ መጨረሻው ላይ፣ "የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይጠቀሙ" ይላል። መነጽሬ ያን ቀንም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ኅዳር 20፣ ሐሙስ

ልቡ ወደ ምቱ ተመልሷል። ተቀምጧል። ሾርባ ይሁን የምን ውኃ እንደሆነ የማይለይ ነገር ሰጡት፣ እያላገጠ በላው። እኔን ሲያየኝ "መጣሽ፣ እሜቴ" አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። እጁን ይዤ አለቀስኩ። እትዬ መስኮት መስኮቱን ያያሉ።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከልብስ ሰፊዋ አልጋ ጎን ተቀመጥኩ። ባሌ በላይኛው ክፍል ስለሆነ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ባዶ ነው። ላመሰግናት ነው የሄድኩት፣ አፌ ላይ ግን የመጣው ሌላ ነው።

"እንዴት አወቅሽው?"

"እኔም ገዝቼዋለሁ" አለች። "በመጀመሪያው ዓመት። ልብ የተሣለበት አይደል? ለልብ ከሆነ ለኩላሊት ምን ይጎዳል ብዬ። ሦስት ቀን ነው ያስተኛኝ። ያን ምሬት አልረሳውም።"

ይህን ብቻ ብላ ብታቆም ኖሮ ተቃቅፈን እንለያይ ነበር። ግን ጨመረች።

"እሱም ነግሮኝ ነበር እኮ። ስጎዋ መሮብኛል፣ ብረት ብረት ይለኛል አለኝ። ቃሪያው አርሮ ይሆናል፣ ንገራት አልኩት። ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ስበላ ታየኛለች፣ ፊቷ ሲበራ ብታዪው፣ እንዴት ብዬ ነው የምነግራት አለኝ።"

መርፌዋን ወደ ጨርቁ መለሰች። ክፉ ልትነግረኝ አልነበረም። አፏን በመርፌዋ ልሰፋው አማረኝ።

መሮታል። ከመጀመሪያዋ ጉርሻ ጀምሮ መሮታል። ቀና ብሎ ያየኝ ለዚያ ነው፣ ቶሎ ቶሎ የጎረሰው ለዚያ ነው፣ ማሰሮውን ይቅር ያለኝ እንዳላፍር ብሎ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነበረ፣ ያ ሰው ግን እኔ አይደለሁም። ለእኔ "ጣት ያስቆረጥማል"፣ ለእሷ እውነቱን። ዓሣውን ጠርጎ ቢበላላት ይሻለኝ ነበር። አንድ ሺህ ጠርሙስ ብትልክለት ይሻለኝ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሴቶች ባልና ሚስት የመሰሏቸው ወደው አይደለም፣ የሚነጋገሩት እነሱ ናቸው። እኔ ጋ ያለው የሚበላና የሚያይ ሰው ብቻ ነው።

በዚህች ሴት ምላስ ነው ባሌ የተረፈው። ይህንንም አውቃለሁ። ሁለቱም አንድ ላይ አንጀቴ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ አንዱ ሌላውን ፈቀቅ አላደርግ ብሎ።

ኅዳር 26፣ ረቡዕ

ቤት ገባ። አልጋውን አነጠፍኩለት፣ ትራሱን ደገፍኩለት፣ ከዚያ ቆሜ ቀረሁ።

"መሮህ ነበር" አልኩት።

ብርድ ልብሱን ወደ ደረቱ ሳበ።

"ለእሷ ነገርካት።"

"እሷ አልሠራችውማ" አለ። "እሷ አይከፋትም።"

"እኔ ቢከፋኝስ? ከመሞትህ መከፋቴ ይብሳል?"

"እንደሚገድለኝ መቼ አወቅሁ? መራራ ነው የመሰለኝ። መራራ ደግሞ ይዋጣል።" ዓይኑን ወደ ብርድ ልብሱ መለሰ። "ስጎሽ ከተከለከለ ወዲህ ፊትሽ ጠፍቶ ነበር እኮ። አዲሱን ስጎ ከሠራሽ ቀን ጀምሮ ተመለሰ። ለእሱ ብዬ ነው የዋጥኩት።"

ጮህኩበት። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ ታችኛው ፎቅ ያሉት አሮጊት ጣሪያቸውን በዱላ እንደነረቱ አስታውሳለሁ። እሱ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅሁም።

ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

ዛሬ ራሴ ወሰድኩት። የምግብ ባለሙያዋ ፊት ቦርሳዬን ዘርግፌ ሰናፍጩን፣ ኮምጣጤውን፣ የደረቀ ጦስኙን ሁሉ አንድ በአንድ አሳየኋት። ሰናፍጩን "ጨው አለበት" ብላ ወደ ጎን አደረገችው። ልብስ ሰፊዋ ከአልጋዋ ሆና ሰላም አለችኝ። ሰላም አልኳት። አንዲት ጠርሙስም ሰጠችኝ፣ በጨርቅ እንደተጠቀለለች። ቤት አድርሻታለሁ። አልተሰበረችም።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

ቃሪያውን ጠበስኩ። ነጭ ሽንኩርት፣ ኮምጣጤ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ድንብላል፤ ምንም የታሸገ የለም። በዓሣ አቀረብኩለት። ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን ወንበር ስቤ ልቀመጥ ስል ተውኩት። ጀርባዬን ሰጥቼው ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ።

"ፊትህን አላይም" አልኩት። "አንተም አታየኝም። ብላና ተናገር።"

ሹካው ሳህኑን ሲነካ ሰማሁ። ውኃውን ዘጋሁት። ጉሮሮውን ጠረገ። "ጎበዝ" ያለኝ እንደሆነ ሳህኑን አንስቼ በመስኮት ልወረውረው ቆርጫለሁ።

"አይበላም" አለ።

አልዞርኩም።

"ነጭ ሽንኩርቱ አርሯል። ድንብላሉ በዝቶ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሎሚውን ለምን ከኮምጣጤው ጋር እንዳጣላሽው አላውቅም።" ሹካውን አስቀመጠና፣ "እውነቱን ከፈለግሽ የእሷ ይሻላል" አለ።

እጄ እንደረጠበ ዞርኩ። ፈርቶ ነበር፣ ትከሻውን ሰብስቦ ስድቤን ይጠብቃል። ሳህኑን ከፊቱ አነሳሁና የእሷን ጠርሙስ ከፈትኩለት። አጠገቡ ተቀምጬ ከእሱ ሳህን ጎረስኩ። ይሻላል፣ ገደል ትግባ።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። ግን የኔ ስጎ እንደማይበላ ልብስ ሰፊዋ እስከ ማክሰኞ ድረስ አታውቅም። መጀመሪያ የነገረው ለእኔ ነው።